የሚያፈሰው ታንከር በሪፖርት አይታይም

አንድ የገጠር የውኃ ፕሮጀክት ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ «ይህን ያህል ሺህ ሕዝብ ተጠቃሚ ሆነ» ተብሎ ይጻፋል። ከዓመታት በኋላ ታንከሩ ተሰንጥቆ ማፍሰስ ሲጀምር ግን ከዚያ ቁጥር ላይ አንድም ሰው አይቀነስም።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ባለ አንድ ቀበሌ፣ ከአርማታ ታንከር የሚፈሰው ውኃ በአሥር ደቂቃ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሞላል እንበል። በቀን 144 ጀሪካን፣ ማለትም 2,880 ሊትር ይሆናል። ሁለተኛው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ (2008–2012 ዓ.ም) ለገጠር ያስቀመጠው መለኪያ በአንድ ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። ያ ቀጭን ፍሳሽ እንግዲህ የ115 ሰው ድርሻ ነው። በክረምት ማንም ልብ አይለውም። ምንጩ በሚደክምበት በመጋቢትና በሚያዝያ ግን ቦኖው ቀድሞ ይደርቃል፤ ጀሪካን አዝለው ወደ ወንዝ የሚወርዱትም ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው።

የሚያሳዝነው፣ አብዛኛው ጥገና ከአንድ ጎበዝ ግንበኛ አቅም በላይ አለመሆኑ ነው። ታንከሩ ይሞላል፣ ቫልቮቹ ይዘጋሉ፣ የውኃው ልክ ምልክት ተደርጎበት በ24 ሰዓት ምን ያህል እንደወረደ ይለካል። ቫልቮቹ የማያፈሱ ከሆነና ውኃው ከወረደ፣ የሚጠረጠሩት ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት፣ ቧንቧ የሚያልፍበት፣ አርማታው በአንድ ቀን ሳያልቅ ለነገ የቆየበት መስመር። በውጭ በኩል የሚታየው ነጭ ነገርም ውኃው ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያወጣው ኖራ ነውና መንገዱን ይጠቁማል።

የተለመደው ስህተት ከውጭ መለሰን ነው። የውኃው ግፊት ልስኑን ወደ ውጭ ገፍቶ ያላቅቀዋል። ከውስጥ ሲደፈን ግን ያው ግፊት ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ ታንከሩ ባዶ ይደረጋል፤ ስንጥቁ በመዶሻና በሹል ብረት ተፈልፍሎ ይታጠባል፤ እርጥብ እንዳለ ቦያካ ይቀባል፤ ከዚያ አንድ እጅ ሲሚንቶ ከሁለት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ተቦክቶ በስሱ እየተደራረበ ይደፈናል። ቢያንስ ሰባት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ውኃ ካልጠጣ ልስኑ ራሱ ይሰነጠቃል። ለሕዝብ የሚከፈተው በክሎሪን ከታጠበ በኋላ ነው። ታንከር ውስጥ አየር ሊያጥር ስለሚችል ማንም ብቻውን መግባት የለበትም። መሠረቱ ከሰመጠ ወይም ፌሮው ዝጎ ከወጣ ደግሞ ጉዳዩ የመሐንዲስ ነው።

ሥራውን ለሕዝብ መተው በአማራ ክልል አዲስ ነገር አይደለም። በፊንላንድ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1994 የተጀመረው የገጠር ውኃ አቅርቦትና አካባቢ ፕሮግራም፣ በኋላም በ2011 የተተካው ኮዋሽ፣ የግንባታውን ገንዘብ በአነስተኛ ብድር ተቋም በኩል ለማኅበረሰቡ ኮሚቴ ማስረከብ እንደሚቻል አሳይተዋል። ገንዘብ ይዞ መገንባት የቻለ ኮሚቴ መጠገን አያቅተውም።

ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ክልሉ ካለበት ግጭት አንፃር ይህ ይበልጥ አንገብጋቢ ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር የወረዳ ባለሙያ ቀበሌ አይደርስም። የሲሚንቶ መግዣና አንድ የሠለጠነ ግንበኛ በእጁ ያለው ኮሚቴ ግን የወረዳውን መኪና አይጠብቅም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እንዲሉ፣ አዲስ ጉድጓድ እየቆፈሩ የተጠራቀመውን ማፍሰስ ልማት አይደለም። የወረዳ ውኃ ጽሕፈት ቤቶች ሪፖርት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ዘንድሮ ስንት ታንከር ተፈተሸ፣ ስንቱስ አፈሰሰ? ያልተቆጠረ ፍሳሽ በጀት አያገኝም።