ስሟ መንገድ የሆነ ከተማ

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲጓዙ ፍኖተ ሰላምን ያለፏት ተኝተው ይሆናል። እኔ ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ሥራዬ የምርት ስም ማስተዋወቅ ስለሆነ ነው መሰል፣ ስሟ ሁሌም ያነቃኛል። ቀድሞ ውጀት ነበረች፤ «የሰላም መንገድ» ብለው የሰየሟት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ ገቡ። በበላያ ተራራ፣ በቡሬ፣ በደምበጫ አልፈው ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ከሱዳን ስንቅ የጫኑት ግመሎች የጎጃምን ዳገትና ብርድ አልቻሉም፣ በሺዎች አለቁ። የጎጃም አርበኛ ግን ዓመታቱን ሁሉ እዚሁ ሲዋጋ ነው የቆየው።

የሰላም ጉዞ ነበር አልልዎትም፤ መንገዱን የከፈተው ጦር ነው። በ2000 ዓ.ም. የቲቤት ስደተኞች ከሕንዷ ዳራምሳላ ተነስተው፣ ያለ መሣሪያ፣ በእግራቸው አገራቸው ሊገቡ ሞክረው ነበር። የሕንድ ፖሊስ ከመንገድ አስቀራቸው። የእኛዎቹ ደረሱ፤ የእነሱ ጉዞ ግን ከልቤ አይወጣም።

እናቴ ፈረስ ቤት ናት፣ ደጋ ዳሞት። ባለፉት ዓመታት መንገድ በተዘጋ ቁጥር እየደወልኩ «እማዬ፣ መንገዱ ተከፈተ?» እላታለሁ።

«የቱ? የመኪናው ነው የሰላሙ?» ትለኛለች።

ሁለቱም ሲከፈቱ ከቡሬ ሲመጡ ማንኩሳ ላይ ከመኪና ይውረዱ። ልጆችዎን ይዘው ወደ ፍኖተ ሰላም ጥቂት በእግርዎ ይሂዱ። ውኃ መያዝ አይርሱ።