መነሻቸው ያልታወቀ እንግዶች

እዚህ ናይሮቢ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት የውጭ አገር ሴት ከተማውን ለቀው ሲሄዱ ለልጄ የመስታወት ገንዳ ትተውላት ሄዱ። በውስጡ ከመሐል ጣት እምብዛም የማይረዝሙ ሦስት ፍጥረታት ነበሩ፤ ጀርባቸው ጥቁር፣ ሆዳቸው ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ብርቱካናማ። «እኔም ከሌላ ሰው ነው የተቀበልኳቸው፤ ከየት እንደመጡ አላውቅም» ከማለት በቀር የነገሩን አልነበረም።

በመጀመሪያ እንሽላሊት መስለውኝ ነበር። ይሁን እንጂ እንሽላሊት ቅርፊታም ቆዳና ጥፍር አለው፤ የእነዚህ ግን ቆዳቸው ለስላሳ፣ ጣታቸውም ጥፍር አልባ ነበር። የእንቁራሪት የሩቅ ዘመዶች፣ ኒውት የሚባሉ መሆናቸውን ከመጻሕፍት ተረዳሁ። ከሰሐራ በስተደቡብ በተፈጥሮ ስለማይገኙ በአማርኛ ስም ቢያጡ አይደንቅም። ሆዳቸው እንዲህ የደመቀ በቻይናም በጃፓንም አሉ፤ የእኛዎቹ ማነሳቸውና የቆዳቸው ልስላሴ ግን ወደ ቻይናው ዝርያ አደላብኝ።

ዕውቀቴ ግን ዘግይቶ ነበር የመጣው። ይበርዳቸዋል ብዬ ገንዳውን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር አኑሬው ውዬ፣ ማታ አንደኛው ሞቶ አገኘሁት። ለካ የሚስማማቸው 20 ዲግሪ አካባቢና ከዚያም በታች ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ኖሯል! ልጄ አልወቀሰችኝም፤ ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይከብድ ነበር።

በጸጸት ተነሣሥቼ የቀሩትን ሁለቱን ወንዝ ወስጄ ልለቃቸው ቆረጥሁ፤ ነጻ ማውጣት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን በኔዘርላንድ ሳላማንደሮችን የፈጀ፣ ከእስያ በእንስሳት ንግድ እንደተሻገረ የሚታመን ፈንገስ እ.ኤ.አ. በ2013 ተለይቶ መታወቁን አነበብሁ። ጤነኛ የሚመስል እንግዳ ለባለአገሩ የማያውቀውን በሽታ ሊያወርሰው ይችላል። ስለዚህ ወንዙን ተውሁት።

አሁን የቧንቧውን ውኃ ክሎሩ እንዲወጣለት በሰፊ ዕቃ አሳድረን እንጨምርላቸዋለን፤ የምድር ትል ከትፈን እንመግባቸዋለን፤ መስታወት ስለሚወጡም ገንዳውን አጥብቀን እንከድናለን። ቆዳቸው መርዝ ስላለው ከነካናቸው እጃችንን እንታጠባለን። በአግባቡ ከተያዙ ከ10 ዓመት በላይ ሊኖሩ ይችላሉ።

ልጄ የተወለደችው እዚሁ ነው፤ «አገርሽ የት ነው?» የሚላት አይጠፋም፤ እርሷም ሁልጊዜ ወደ እኔ ዘወር ትላለች። ባለፈው ሰሞን ግን ማንንም ሳትጠይቅ ገንዳው ላይ ወረቀት ለጥፋ አገኘሁ፦ «አገራቸው ቻይና ሳይሆን አይቀርም። ቤታቸው እኛ ጋ ነው።»