የውስጠኛው ጎማ

ከኮኪት ሰሊጥ ጭኖ ወደ ጎንደር የሚወጣ አይሱዙ ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሁለት ጎማ አለው። የውጪውን መንገደኛ ሁሉ ያየዋል። የውስጠኛው ተሸፍኖ ነው የሚሠራው፤ ነፋስ የሚሞላበት ቫልቭም ጠልቆ ስለሚቀር በውጪው ቸርኬ ቀዳዳ በኩል ብቅ የምትል ማራዘሚያ ይገጠምለታል። እኔ ያቺን ማራዘሚያ ፈትቼ ጣልኳት። ጥፋቴ ከዚያ ይጀምራል።

የፈታኋት ነፋስ ስለምታስወጣ ነበር። እንዲህ ያለችው ማራዘሚያ ስትጠብቅ የጎማውን ቫልቭ መርፌ ወደ ውስጥ ተጭና ከፍታ ትይዘዋለች። ከዚያ ወዲያ ነፋሱን የሚይዙት እሷው ጫፍ ላይ ያለችው መርፌና መጋጠሚያው ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ላስቲክ ናቸው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ላስቲክ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የእኔዋ ደግሞ ተጣጣፊ ቱቦ ነበረች፤ ጫፏ ከውጪው ቸርኬ ጋር አልታሰረም። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ወደ ውጪ እየተወረወረች ከብረቱ ጋር ስትፋተግ ከረመች። ጎሚስታው «ማሰሪያ ግዛላት» ብሎኝ ነበር። ጭነት ይጠብቀኝ ስለነበር ማራዘሚያዋን አስፈትቼ ቫልቩን በክዳን አስዘጋሁና ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የውስጠኛውን ጎማ መለካት የውጪውን መፍታት ሆነ። ማን ይፈታል? እንደ ብዙው ሹፌር ጎማውን በዱላ እየመታሁ በድምፁ ማመን ጀመርኩ። ዱላ ባዶ የሆነውን ጎማ ይለያል እንጂ ከሚገባው ሲሶው የጎደለውን አይለይም። ጉዳት የሚያደርሰው ደግሞ ይኸኛው ነው። 100 ፒኤስአይ የሚጠይቅ የጭነት ጎማ ከ80 በታች ወርዶ ከተነዳ፣ በባለሙያዎቹ ደንብ ባዶውን እንደተነዳ ይቆጠራል፤ ወልቆ ውስጡ ሳይታይ ነፋስ አይጨመርበትም። ጎኑ እየታጠፈና እየተዘረጋ ከውስጥ ይግላል፤ የጎደለውን ሸክም የሚወስደው ያው ከጎኑ ያለው መንታው ነው።

ረዳቴ ልጅ ቢሆንም ይህን ሳያውቅ አልቀረም። ገንዳ ውኃ ስንደርስ ወርዶ ዞሮ አየና «ጋሼ፣ የግራው የውስጥ ጎማ የላላ ይመስለኛል። የውጪውን ልፍታና እንለካው» አለኝ።

«ጭነት ላይ ሆኜ ጎማ አላስፈታም! አንተ ደግሞ መቼ ጎማ አወቅህ?» አልኩት።

ነጋዴ ባሕርን አልፈን ወደ አይከል ዳገቱን ስንይዝ የውጪው ፈነዳ። ፈትተን የውስጠኛውን ስናየው ጎኑ ተቃጥሎ በእጅ ይፈረፈራል። ሹፌሮች ቆመው ሊያግዙን መጡ። አንዱ «ምን ነካችሁ? አታዩም እንዴ?» ሲል፣ እኔ ጣቴን ወደ ረዳቱ ቀሰርኩ። «ጠዋት ጎማ እይ ብዬው ሳያይ ነው!» ልጁ ክሪኩን እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሥራው ተመለሰ። በስልክ ለደወለው ባለ ሰሊጥም ያንኑ ደገምኩለት። ጎንደር ስንገባ ከደመወዙ ለጎማው ቆረጥኩበት። በማግስቱ ሥራውን ለቀቀ።

ያን የተቃጠለ ጎማ እንኳ አስለጥፌ ልመልሰው ፈልጌ ነበር። ጎሚስታው እንቢ አለ። ባዶውን የተነዳ ጎማ ውስጡ ያሉት ሽቦዎች ተበጣጥሰው ሊሆን ይችላል፤ ነፋስ ሲሞላበት ጎኑ ተተርትሮ አጠገቡ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። በልጁ ላይ ቂም ባልይዝ ኖሮ ያኔውኑ ይገባኝ ነበር፦ የጎማውን ጉዳይ ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀዋል። አዲስ ነገርም አይደለም። ሽራደር የተባለው ኒውዮርካዊ የዚህ ቫልቭ ፈጠራ በስሙ የተመዘገበለት በ1893 እ.ኤ.አ. ነው። ያቺ መርፌ ከመቶ ዓመት በላይ ስትሠራ የኖረች ናት፤ እኔ ነኝ ያልሠራሁት።

አሁን ማራዘሚያዎቼ ጫፋቸው ከውጪው ቸርኬ ጋር ታስሯል። ክዳናቸው የብረት ነው፣ ውስጡ ላስቲክ ያለው፤ አቧራ የሚከለክለውም፣ መርፌዋ ብትለግም ነፋሱን የሚይዘውም እሱ ነው። መጋጠሚያው ላይ የሳሙና ውኃ አደርግበታለሁ፤ አረፋ ካወጣ ላስቲኩ ይቀየራል። የምለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ቀትር ላይ ለክቶ «በዝቷል» ብሎ ማስተንፈስ የብዙ የቆላ ሹፌር አመል ነው፤ ማታ ደጋ ሲወጣ ጎማው ጎድሎ ይገኛል።

ልጁን ከጊዜ በኋላ ገንዳ ውኃ አገኘሁት፤ ራሱ ሹፌር ሆኗል። የቆረጥኩበትን ገንዘብ አውጥቼ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም።

«ገንዘቡ ይቅር ጋሼ። ያኔ ዳገቱ ላይ ለነበሩት ሰዎች ይንገሩልኝ።»

ገንዘቡን ቢወስድልኝ በቀለለኝ! ባለ ሰሊጡን ሄጄ ነገርኩት፤ ዝም ብሎ ሰምቶ ሻይ አዘዘልኝ። ከሹፌሮቹ አንዱን አዘዞ ላይ አግኝቼ ነገርኩት፤ ሳቀብኝ። የቀራችሁት ሹፌሮች የት እንዳላችሁ አላውቅም፤ ስማችሁንም አልያዝኩም። ልጁ ገንዳ ውኃ ላይ ነግሮኝ ነበር፤ አይፈታም ያልኩት እኔ ነኝ።