ሁለት ጊዜ የበሰለ

እማዬ ሙዝ ትሸጣለች።

ይቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ዓመት እንደፈጀብኝ ብነግራችሁ ትስቁብኛላችሁ። ጋዜጠኝነት ተምሬ የተመረቅሁ ልጅ ነኝ፤ አጭርና ግልጽ ዓረፍተ ነገር ሊከብደኝ አይገባም ነበር። ግን ከበደኝ። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የዶርም ልጆች “ቤተሰቦችሽ ምን ይሠራሉ?” ሲሉኝ “ነጋዴዎች ናቸው” እል ነበር። ውሸት አይደለም። “ነጋዴ” ከምትለው ቃል ሥር ግን አንድ ጉልት፣ አንድ የሸራ ጥላ፣ አንድ ሚዛንና አንዲት እናት እንደተሸሸጉ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንሴኖን ለማታውቋት፦ ከቡታጅራ ወደ ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟን ሰምታችሁ ከሆነ ወይ በማረቆ በርበሬ ነው፣ ወይ ደግሞ በ2011 ዓ.ም. በመስቃንና በማረቆ መካከል በተነሳው ግጭት ነው። ያኔ ሰው ሲሞትና ሲፈናቀል ስሟ በዜና ተጠራ። ከዚያ በኋላ ገበያው ተመልሶ ሲቆም፣ ሴቶቹ ሸራቸውን መልሰው ሲወጥሩ ግን ማይክራፎን ይዞ የመጣ ሰው አላየሁም። ስለዚህ ዛሬ እኔው ልዘግብ። ጉዳዬ የጠቆረ ሙዝ ነው።

ሙዙ የኛ ሰፈር ልጅ አይደለም፤ ከአርባ ምንጭ ነው የሚመጣው። ገና አረንጓዴ ሳለ ተቆርጦ፣ በአይሱዙ ተጭኖ፣ በሶዶና በሆሳዕና አድርጎ ቡታጅራ ይደርሳል። ከዚያ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይታፈንና ይበስላል፤ እማዬም ከአከፋፋይ ትረከባለች። ችግሩ ሙዝ አንዴ መብሰል ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣና ጎረቤቱን ያበስላል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ሌላውን። ሰኞ ቢጫ የነበረው ሐሙስ ላይ እንደ ነብር ይዥጎረጎራል፣ ቅዳሜ ይጠቁራል። ገዢ ደግሞ መጀመሪያ የሚበላው በዓይኑ ነው። የጠቆረውን ማን ይነካዋል? እማዬ ለሰፈር ልጆች ታድልና የተረፈውን ለበጎቹ ትጥልላቸዋለች። ማታ ብሯን ቆጥራ ስትጨርስ “ዛሬም ያተረፉት በጎቹ ናቸው” ትላለች። እየሳቀች ነው የምትለው። የኔ የትምህርት ቤት ደብተርና ጫማ የወጣው ከዚያው ብር እንደሆነ ስለማውቅ እኔ አልስቅም።

የሙዝ ዳቦ የሚባል ነገር መኖሩን ያወቅሁት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ነው። ኮሮና ገብቷል ተብሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ፤ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፣ ሻንጣዬን ይዤ እንሴኖ ተመለስኩ። ስልኬን ስከፍት የዓለም ሕዝብ ቤቱን ዘግቶ የሙዝ ዳቦ ይጋግራል! ነገሩ ለካ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ኢኮኖሚው ወድቆ ሰው የሚበላውን መጣል በማይችልበት ዘመን ነው። ይሄንን ሳነብ “እነዚህስ እማዬን ያውቋታል” አልኩ። ግን ያኔ አልጋገርኩም። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ ተማሪ ደግሞ ነገ ሌላ ሰው እንደሚሆን ያምናል።

የጋገርኩት ከተመረቅሁ በኋላ ነው። ማስታወቂያ እያየሁ አዲስ አበባ መመላለሱ፣ ለፈተና መቀመጡ፣ “እንደውልልሻለን” መባሉ ሲበዛ፣ አንድ ቀን የትራንስፖርት ብር ከእማዬ መጠየቅ አፈርኩ። በዚያው ሳምንት አንድ ሙሉ ሣጥን ሙዝ ጠቆረባት። “አትጣይው” አልኳት።

የመጀመሪያው ሙከራ ውርደት ነበር። ዳቦ አይደል ብዬ እርሾ ጨመርኩበትና አሳደርኩት። ጠዋት ከድኑን ስታነሳው እማዬ አፍንጫዋን ይዛ “አንቺ ልጅ፣ ዳቦ ነው ወይስ ጠጅ?” አለችኝ። በጎቹ እንደገና አተረፉ።

ለሁለተኛው ሙከራ እንደ ደህና ጋዜጠኛ ጠይቄ፣ አንብቤ መጣሁ። ይሄ ዳቦ የሚነሳው በእርሾ ሳይሆን በቤኪንግ ሶዳ ነው። ሶዳው ከሙዙና ከሎሚው አሲድ ጋር ሲገናኝ ጋዝ ይፈጥራል፣ ሊጡን የሚነፋው እሱ ነው። ስለዚህ አይታሽም፣ አያድርም፤ እንደተቀላቀለ ወደ እሳት ነው። ሙዙ ደግሞ በጠቆረ ቁጥር ይሻላል። ጥሬው ሙዝ ውስጥ ያለው ስታርች ሲበስል ወደ ስኳርነት ይለወጣልና፣ ገዢ የሸሸው ሙዝ ከሁሉም ጣፋጩ ነው።

ልክ ሊጡን የኤሌክትሪክ ምጣዱ ላይ እንዳስቀመጥኩ መብራት ሄደ። ላለቅስ ነበር። እማዬ ከጉልት ደክማ ገብታ እግሯን እየታጠበች ነበር፤ ምንም ሳትናገር ተነሳች። ከሰል አያያዘች፣ ከጓሮ ኮባ ቆርጣ እሳት ላይ አለሰለሰችና ብረት ድስቱን አለበሰችው፣ ሊጡን ገልብጣ ከደነችው፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ፍም ደረደረች። ከላይም ከታችም እሳት፤ ለድፎ ዳቦ እንደምታደርገው። እንሰትና ሙዝ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች መሆናቸውን አስታወስኩና “እማዬ፣ እኮ ዘመዱን በዘመዱ ጠቀለልሽው” አልኳት። “ዘመድማ ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው?” አለችኝ።

እሳቱን እየጠበቅን ተቀመጥን። ስለ ጠቆረው ሙዝ “ተበላሸ” ስላት ተቆጣችኝ። “ቆጮ እኮ ጉድጓድ ውስጥ ወራት ይከርማል። ተበላሸ ይባላል? በቃ ጊዜው ደረሰ ነው የሚባለው” አለች። እኔ ደግሞ ስለ ቋንቋችን አሰብኩ። “በሰለ” ስንል ፍሬውም በሰለ፣ ወጡም በሰለ፣ ሰውም በሰለ እንላለን። ይሄ ሙዝ ታዲያ አንዴ በክፍል ውስጥ፣ አንዴ በእሳት ላይ፣ ሁለት ጊዜ በሰለ። እኔ ግን አንዴም አልበሰልኩም ነበር፤ ለምን እንደምል ቆይታችሁ ታያላችሁ።

መሞከር ለምትፈልጉ ይኸው፦ አራት የጠቆሩ ሙዞችን በሹካ አድቅቁ። ሁለት እንቁላል፣ ግማሽ ኩባያ ዘይት፣ ግማሽ ኩባያ ስኳርና አንድ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ቆንጥር ጨው ለብቻ አደባልቁና አንድ ላይ አዋህዱ፤ ብዙ አታማስሉት፣ ይደርቃል። ኮረሪማ ከወደዳችሁ ትንሽ ጣል አድርጉ። በለስላሳ እሳት አንድ ሰዓት ያህል። ስንጥር ስትሰኩበት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደርሷል። ለጾም እንቁላሉን ተዉና አንድ ሙዝ ጨምሩ፤ ጠጠር ይላል እንጂ ይሆናል።

ዳቦው ሆነ። ጎረቤት ቀመሰ፤ “ሽጡልን እንጂ” አለ። እየቆራረስኩ በትሪ አድርጌ እማዬ ጉልት አጠገብ መቀመጥ ጀመርኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት አብራኝ የተመረቀች ልጅ ከመኪና ወረደች። የአንድ መሥሪያ ቤት ባጅ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፤ ለሥራ ወደ ባቱ እያለፉ ነው። ገና ሳያት ትሪውን በነጠላዬ ሸፍኜ ከኋላዬ ገፋሁት። ተሳሳምን። “እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?” አለችኝ። “እንዲሁ፣ ገበያ ወጥቼ” አልኩ። ሁለት ኪሎ ሙዝ ከእማዬ ገዛች። እናቴ መሆኗን አልነገርኳትም። እማዬም አልተናገረችም። መዘነችላት፣ አንድ ሙዝ ምርቃት ጨመረችላት፣ “በሰላም ግቢ የኔ ልጅ” አለቻት። “የኔ ልጅ” የተባለችው እሷ ነበረች።

ማታ እማዬ ስለዚህ ነገር ምንም አላነሳችም። እኔም አላነሳሁም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከሷ ቀድሜ ወጣሁ። ትሪውን ከሙዙ ፊት፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያየው በኩል አስቀመጥኩት። እማዬ መጥታ አየችው፣ ዝም ብላ ሚዛኗን ሰቀለች። የመጀመሪያዋ ገዢ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” ብላ ስትጠይቅ ቀድሜ “የእናቴ ሙዝ ነው፣ እኔ ጋግሬው” አልኩ። ድምፄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። እማዬ ቀና ሳትል “ልጄ ጋዜጠኛ ናት” ብላ ጨመረች።

ሥራ አሁንም እየፈለግሁ ነው፤ ማስታወቂያ ካያችሁ ጠቁሙኝ። ጽሑፌ እስካሁን በጋዜጣ አልወጣም። ዳቦዬን ግን በአሮጌ ጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነው የምሸጠው። በጎቹም ከስተዋል።