"እኔን እለፉኝ" ያለችው እናቴና ስኳር የሌለው ኬክ

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ስለ ኬክ ነው። "ራሽኑ ወር አልደርስ ባለበት ጊዜ ስለ ኬክ ታወራለች እንዴ?" የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ጽፎት ባነበው እኔም እንደዚያው እል ነበር። ነገሩ ግን የኬክ ብቻ አይደለምና እስከ መጨረሻው ታገሱኝ።

እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት። የምትኖረው ከልጆቼ ጋር አሊ አዴ ነው። እኔ ደግሞ ጅቡቲ ከተማ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ምግብ አበስላለሁ፤ ወር ሲሞላ ነው ወደ ቤቴ የምመለሰው። ፕላቶ ዱ ሰርፓን ማለት "የእባብ አምባ" እንደማለት ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ እስካሁን እባብ አላየሁበትም። ባሕሩን የያዘ፣ ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው የድሮ ቤቶች የሞሉበት ሰፈር ነው። አሮጌው የባቡር ጣቢያም በዚያው በኩል ነው። ዛሬ አዲሱ ባቡር የሚነሣው ከናጋድ ነው እንጂ ድሮ ከዚያ ጣቢያ የሚነሣው ሐዲድ በሆልሆልና በአሊ ሳቢህ አልፎ ድሬዳዋ፣ ከ1909 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ ይደርስ እንደነበር ታላላቆቻችን ያውቁታል።

እናቴ የዚያ ሐዲድ ልጅ ናት። ድሬዳዋ ተወልዳ፣ ሙሽባክና ሐላዋ እየበላች ያደገች ሴት ናት። ሻይዋን በአራት ማንኪያ ስኳር ነበር የምትጠጣው። በሽታው ሲገኝባት መድኃኒቱን ያለ ክርክር ተቀበለች፤ ሻይዋንም ያለ ስኳር ለመደችው። ያልለመደችው አንድ ነገር ቢኖር ድግስ ነው። የልጅ ልደት ሲሆን፣ ክርስትና ሲነሣ፣ ጎረቤት በኢድ ጣፋጭ ሲልክ ሳህኑ እየዞረ እሷ ጋ ሲደርስ እጇን አንሥታ "እኔን እለፉኝ" ትላለች። ልጆቹም ለመዱትና ሳትናገር ያልፏት ጀመር። ይሄ ነው አንጀቴን የበላኝ።

በማዳም ወጥ ቤት ያየሁት

የምሠራበት ቤት ባልየው፣ ሙሴ፣ እንደ እናቴ የስኳር በሽታ አለባቸው። አንድ ቀን ማዳም "ዛሬ ለሙሴ ብራውኒ እንጋግራለን" አለችኝ። ብራውኒ ከአሜሪካ የመጣ የቸኮሌት ኬክ ነው። እንደሌላው ኬክ አይነፋም፤ ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ መሐሉ ርጥብ ያለ ነው። እኔም ልማዴ ነውና ስንዴ ዱቄቱንና ስኳሩን አውጥቼ ደረደርኩ። ማዳም ሁለቱንም መልሳ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

በስንዴው ፈንታ የአልሞንድ ዱቄት፣ በስኳሩ ፈንታ ኤሪትሪቶል የሚባል ነጭ ዱቄት አመጣች። የቀረው እንቁላል፣ ቅቤና መራራ የኮኮዋ ዱቄት ነው። ሲበርድ ቀመስኩት። ምላስ ላይ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል፤ ከዚያ በቀር የቸኮሌት ኬክ ነው! ሙሴ ሁለት ቁራጭ በልተው በማግስቱ ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸው ደህና ነበር።

ማዳም ሒሳቡን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ደም ውስጥ ስኳር ሆኖ የሚገባው ነጩ ስኳር ብቻ አይደለም፤ ካርቦሃይድሬት የሚባለው ሁሉ ነው። ከ100 ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ 75 ግራም ያህሉ ካርቦሃይድሬት ነው። በአልሞንድ ውስጥ ግን 20 ግራም ገደማ ሲሆን ከዚያም ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ የማይገባ አሰር ነው። ስለዚህ ስኳሩን አስቀርቶ ስንዴውን መተው ግማሽ ሥራ ነው።

እኔ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈሰስኩት።

የእኔ ስህተት

የትንሿ ልጄ ልደት ደረሰ። የአልሞንዱን ዱቄት ዋጋ ገበያ ላይ ጠይቄ ደንግጬ ተመለስኩ። ያ ነጭ ዱቄትም ከእኔ አቅም በላይ ነበር። ለእኛ ሰፈር አልሞንድ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። "ታዲያ ተምር ምን አለው? የፈጣሪ ፍሬ ነው፤ ስኳር አይደል!" አልኩና ግማሽ ኪሎ ተምር ገዝቼ፣ ፍሬውን አውጥቼ ዘፍዝፌ አድቅቄ፣ ከራሽኑ ስንዴ ጋር ለውሼ ጋገርኩ። "እማዬ፣ ዛሬ አያልፍሽም፤ ስኳር የለውም" አልኳት። ደስ ብሏት ሦስት ቁራጭ በላች።

ሌሊት ውኃ ውኃ አለች። ደጋግማ ለሽንት ተነሣች። ጠዋት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሲለካ ከ300 በላይ ሆኖ ተገኘ። ሲስተር "ምን በላች?" ብላ ጠየቀችኝ። "ስኳር የሌለው ኬክ" አልኳት። ምን ምን እንደገባበት አንድ በአንድ አስቆጠረችኝና "ተምር ስኳር ካልሆነ ታዲያ ምንድን ነው?" አለችኝ። የደረቀ ተምር ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ስኳር ነው። ማርም ከመቶው 80 ያህሉ ስኳር ነው። ከጫካም ይምጣ ከፋብሪካ፣ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ነው።

አፈርኩ። እናቴ ግን በመንገድ ላይ "አይዞሽ፣ አንቺ ያለፍሽው ነገር የለም" አለችኝ። ያን ጊዜ ነው ወይ በደንብ ልማረው፣ ወይ ጨርሶ ልተወው ብዬ የወሰንኩት።

ባቢሌ ደረሰልኝ

ማዳምን ዳግመኛ ጠየቅኳት፤ አሁን ግን በደብተር እየጻፍኩ። "ቅባት ያለው ፍሬ ሁሉ ይሆናል፤ አልሞንድ ብቻ አይደለም" አለችኝ። ይሄኔ ኦቾሎኒ ትዝ አለኝ! ከባቢሌ እስከ ሐረር ድረስ ምድሩ ሁሉ የሚያበቅለው፣ እናቴ በልጅነቷ በወረቀት ተጠቅልሎ የበላችው ኦቾሎኒ። ኦቾሎኒ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት 16 ግራም ገደማ ነው፤ ከአልሞንድም ያንሳል።

ለጣፋጩ ደግሞ የስኳር በሽተኞች ሻይ ውስጥ የሚጨምሩት ትንንሽ ኪኒን አለ። እሱም ዓይነት ዓይነት አለው። ሳካሪን እ.ኤ.አ. በ1879 የተገኘ አሮጌ ነገር ነው፤ እሳት ይችላል፤ ከበዛ ግን ይመራል። ሱክራሎዝና ስቴቪያም እሳት ይችላሉ። አስፓርታም የሚባለው ግን ሲጋገር ጣዕሙ ይጠፋል፤ ለቀዝቃዛ ወይም ለሻይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳጥኑን አስነብባችሁ ግዙ።

ስለማስነበብ ካነሣሁ፣ እዚህ አገር ዕቃው ላይ የሚጻፈው በፈረንሳይኛ ነውና እነዚህን ሦስት ቃላት ያዙ። "ሳን ሱክር" ማለት ስኳር የለውም ማለት ነው። "ሳን ሱክር አዡቴ" ማለት ግን ስኳር አልተጨመረበትም ማለት ነው እንጂ የራሱ ስኳር ሊኖረው ይችላል፤ የፍራፍሬ ጭማቂ ላይ ይህን ታገኛላችሁ። "ግሉሲድ" የሚለው ካርቦሃይድሬቱን በጠቅላላ ነው፤ ቁጥሩን የምታዩት እዚያ ላይ ነው። የኮኮዋ ዱቄት ስትገዙም ለልጆች ወተት ተብሎ ከስኳር ጋር የተቀላቀለውን ሳይሆን መራራውን ለዩ።

አሠራሩ

የሚያስፈልገው፦ 200 ግራም ኦቾሎኒ፣ 6 የሾርባ ማንኪያ መራራ ኮኮዋ፣ 4 እንቁላል፣ ግማሽ የውኃ ብርጭቆ ያልሞላ ዘይት ወይም የቀለጠ ቅቤ፣ አንድ ስኒ ወፍራም ቡና፣ ቁንጥር ጨው፣ ከ20 እስከ 25 የሳካሪን ወይም የሱክራሎዝ ኪኒን።

መጀመሪያ ኦቾሎኒውን ልቀሙ። የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማተረ ካለ ጣሉት፤ የሻጋታው መርዝ ጉበት የሚጎዳ ሲሆን በእሳት አይጠፋም። ከዚያ ለስለስ ባለ እሳት ቁሉትና ቅርፊቱን አሽታችሁ በሰፌድ አንፍሱ። ሲበርድ በሙቀጫ ጥቂት ጥቂት እያደረጋችሁ ውቀጡ። አብዝታችሁ ከወቀጣችሁት ዘይቱ ይወጣና ይለጥጣል፤ ዱቄት እንደሆነ አቁማችሁ በወንፊት ንፉት።

ኪኒኑን በትኩሱ ቡና ውስጥ አሟሙ። ቡናው የቸኮሌቱን ጣዕም ያወጣዋል፤ ይህ የማዳም ሳይሆን የጀበናችን ምሥጢር ነው። ቡናው ለብ ሲል እንቁላሉን ምቱበት፤ ዘይቱን ጨምሩ፤ ቀጥሎ ኮኮዋውን፣ ጨውንና የኦቾሎኒውን ዱቄት አስገብታችሁ አዋሕዱ። እርሾም ቤኪንግ ፓውደርም አይፈልግም።

ምድጃ የለንም እንዳትሉ፤ ድፎ የጋገረ ሰው ምድጃ አለው። ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ሦስት ጠጠር አስቀምጡና ዘይት በተቀባ ትንሽ ድስት ወይም ትሪ ሊጡን አድርጋችሁ ጠጠሩ ላይ አኑሩ። ክዳኑን ግጠሙና ከታች ጥቂት ፍም፣ ከላይ በክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም አድርጉ። በእኔ ከሰል ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጅብኛል። እንጨት ስትወጉበት ትንሽ ርጥብ ብሎ ቢወጣ አውጡት። በትኩሱ አትቁረጡት! ስንዴ ስለሌለው ይፈረፈራል፤ በደንብ ሲበርድ ይጠነክራል።

16 ቦታ ከቆረጣችሁት በአንዱ ቁራጭ ውስጥ ያለው ካርቦሃይድሬት ከ3 እስከ 4 ግራም ነው። በ200 ግራም ስኳርና በ100 ግራም ስንዴ የተሠራው ደግሞ በቁራጭ ወደ 19 ግራም ይሆናል፤ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከመብላት ይበልጣል ማለት ነው። ልዩነቱን እናንተው ፍረዱ።

ልብ በሉ

ይህ ኬክ መድኃኒት አይደለም። ቅባቱ ብዙ ነውና አንድ ወይም ሁለት ቁራጭ ይበቃል። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው አይንካው። እንቁላል አለበትና የሚጾም ሰው ፍስክ ቀን ይጠብቅ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ምክር እነዚህን ጣፋጭ ኪኒኖች ለክብደት መቀነሻ ብሎ መውሰድን አልደገፈም፤ ምክሩ ቀድሞ የስኳር በሽታ ያለባቸውን የሚመለከት ባይሆንም፣ ጤነኛ ልጆችን በኪኒን ማላመድ አያስፈልግም።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን አደራ እላችኋለሁ። ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩ ከመጠን በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቀው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከተምታታበት ያን ጊዜ ስኳር የሌለው ኬክ አይረዳውም! ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ ስጡት፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ድገሙት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታግቡ፤ ሮጣችሁ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ስለዚህ የስኳር በሽተኛ ባለበት ቤት ስኳር ጨርሶ አይጥፋ። እንዲሁም ስንዴና ሩዝ የሚቀንስ ሰው የመድኃኒቱን መጠን በራሱ አይለውጥ፤ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ልጄ በሚቀጥለው ዓመት ልደቷ ሲደርስ የኦቾሎኒውን ኬክ ጋገርኩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የጋገርኩት፤ ለእናቴ ለብቻዋ አላደረግሁም። የታመመ ሰው ለብቻው በተለየ ሳህን ሲቀርብለት ሕመሙን ነው የሚያስታውሰው። ሳህኑ ሲዞር እናቴ ጋ ደረሰ። እጇን ልታነሣ ስትል ልጄ "አያቴ፣ ይሄ ያንቺም ነው" አለቻት። አንድ ቁራጭ አነሣች፤ ቀስ ብላ በላች። "የባቢሌው ይሸተኛል" አለች። ሁለት ሰዓት ቆይተን ለካናት፤ ሲስተር ከነገረችን አላለፈም።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡናዋን ይዛ፣ "ዛሬስ አላለፋችሁኝም" አለችኝ። ሌላ አልተናገረችም።

በየቤታችሁ "እኔን እለፉኝ" የሚል አባት፣ እናት ወይም ጎረቤት ካለ በዓል ሲመጣ አስቡት። እንቁላልና ኮኮዋ ለየብቻ ይከብዳሉና ሦስት አራት ቤት ሆናችሁ አዋጡ፤ እኛም የምናደርገው እንደዚያ ነው። የተሻለ ዘዴ ያገኘ ደግሞ ጽፎ ያስተምረን።