አገር ስጠኝ

ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ ከሚቆጠሩት ነዋሪዎች ሌላ የማይቆጠሩም እንዳሉ፣ ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች ያሏችሁ ተማሪዎች ሳታውቁት አትቀሩም። በትር ጋልቦ የዋለ ሕፃን ሲመሽ «ፈረሱን» ከምሰሶ አስሮ ሣር ሲያቀርብለት አይታችኋል። በቆርኪና በገል ዕቃ ዕቃ የምትጫወት ልጅ ቡና ቀድታ «ጠጡ» ስትላችሁም፣ ባዶውን ቆርኪ ወደ አፋችሁ አስጠግታችሁ «ይጣፍጣል» ብላችኋት ይሆናል። እኔም ከብዙ ዓመታት በፊት በጎንደር ከተማ ዐማርኛ ሳስተምር፣ በተከራየኋት ቤት ውስጥ ከባለቤቴና ከሦስት ልጆቼ ጋር አንድ አንበሳ ይኖር ነበር። የማጫውታችሁ ስለዚያ አንበሳ ነው።

ጎንደርን ያየ ሰው ፋሲል ግቢን ሳይጎበኝ አይመለስም። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከቆረቆሩ በኋላ፣ እርሳቸውና ተከታዮቻቸው ያሠሯቸው አብያተ መንግሥት በአንድ የድንጋይ አጥር ተከብበው ይታያሉ፤ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አንድ እሑድ የስድስት ዓመት ሴት ልጄንና የአራት ዓመት ወንድ ልጄን ይዤ ወደዚያ ሄድሁ። ልጁ ግንቡንም፣ ሰገነቱንም፣ የግብር አዳራሹንም በዝምታ አልፎ ከአንበሳ ቤት ሲደርስ ቆመ። ቤቱ ባዶ ነበር።

«አንበሳውስ?» አለኝ።

«ዛሬ የለም።»

«የት ሄደ?»

መልስ ስላልነበረኝ እጁን ይዤ ወደ ቤታችን ተመለስሁ። ለእርሱ ግን ጥያቄ ያለ መልስ የሚያድር ነገር አልነበረም። በማግስቱ አንበሳው ከዕቃ ቤታችን፣ ከእህል ጆንያዎቹ ኋላ መግባቱን አበሠረን።

እኅቱም ብትሆን ከእርሱ አታንስም ነበር። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብታችሁ እንደ ሆነ፣ ጣሪያው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች የተሞላ መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ልጅቱ እነዚያን ፊቶች ደጋግማ ብትቆጥርም ቁጥሩ በየጊዜው ስለ ተለያየባት፣ «ዘወር ስንል ድብብቆሽ ይጫወታሉ» አለችን። እኛም ደስ ብሎን ለጎረቤት ሁሉ አወራንላት። አሁን ሳስበው፣ የእርሷን ወሬ የወደድንላት መላእክቱ ምንም ወጪ ስላላስወጡን ይመስለኛል። አንበሳ ግን ቀለብ ይፈልጋል።

በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የመጨረሻዋ ልጃችን፣ የስድስት ወር ጨቅላ፣ ታማ ነበር። የእናቷ ጡት ስለ ነጠፈ፣ ከጎረቤት በየቀኑ የምንገዛው አንድ ኩባያ ወተት ለእርሷ ብቻ የተጠበቀ ነበር። አንድ ምሽት ያ ወተት ከነኩባያው ከመደርደሪያው ላይ ጠፋ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ መብራት ጠፍቶ እኔ በኩራዝ ብርሃን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼን ድርሰት አርማለሁ። የሰጠኋቸው ርእስ «ወፍ ብሆን ኖሮ» የሚል ነበር። ከአምሳ ተማሪዎች አብዛኞቹ ክንፍ ካወጡ በኋላ ወላጆቻቸውን ረድተው፣ ጎረቤት ጠይቀው በጊዜ ወደ ቤታቸው ገቡ፤ ከደመና በላይ ወጥቶ ራስ ዳሸንን ቁልቁል ያየ አንድ እንኳ አልነበረም። በዚህ ተበሳጭቼ በየወረቀቱ ግርጌ በቀይ ብዕር «ምናብ ይጎድለዋል» እያልሁ እጽፍ ነበር።

ልጁን ጠርቼ «ወተቱን ማን ጠጣው?» አልሁት።

«አንበሳው።»

«እውነቱን ተናገር!»

«አንበሳው ነው፣ አባባ።»

ጆሮውን ቆነጠጥሁት። «ውሸታም ልጅ አልወድም» አልሁት። እርሱም ሳያለቅስ ሄዶ ተኛ። እኔም ብዕሬን አንሥቼ በሚቀጥለው ወረቀት ግርጌ ያንኑ ቃል ጻፍሁ፦ ምናብ ይጎድለዋል።

ከዚያን ዕለት ወዲህ የአንበሳው ወሬ ተቋረጠ። በትሩ ከምሰሶው ሥር ወድቆ የሚያነሣው ጠፋ። ልጁ ስንጠይቀው «እሺ» ወይም «አይ» ይላል እንጂ ሌላ አይጨምርም። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ከዕቃ ቤቱ የሚመጣውን መጥፎ ሽታ ተከትላ ጆንያዎቹን ብትገፋ፣ ኩባያው ከነወተቱ ተቀምጦ አገኘች። ወተቱ ረግቶ ሻግቷል፤ አንድ ጉንጭ እንኳ አልጎደለም። ኩባያውን አምጥታ ከወረቀቶቼ አጠገብ አስቀመጠችና አንዲት ቃል ሳትናገር ወጣች።

እናንተ በእኔ ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ልጁ ወተቱን አልጠጣውም፤ ለወዳጁ አቀረበለት እንጂ። በሌላ በኩል ወተቱ የታመመች ሕፃን ምግብ ነበር፤ ይህንም ሐሰት ነው የሚል የለም። በውሸትና በፈጠራ መካከል ያለውን ልዩነት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስረዳት አይቸግረኝም ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ይቅርታ ለመጠየቅ ግን አፌ ተሳሰረ፤ ዛሬ ነገ እያልሁ ሰነበትሁ።

በዚያ ሳምንት የባለቤቴ እናት ገብስ ቆሎና በሶ ይዘው ከዳባት መጡ። ማታ ከምድጃው ዙሪያ ልጆቹን ሰብስበው እንቆቅልህ አስጀመሩ። የጨዋታውን ደንብ ታውቁታላችሁ፤ መልሱ የጠፋበት ሰው «አገር ስጠኝ» ይባላል። ጠያቂው የተሰጠውን አገር ካልወደደው እንቢ ይላል፤ ከወደደው ግን እዚያ ገብቶ ያየውን አውርቶ መልሱን ይገልጣል። እኔ ይህን ጨዋታ የምወደው አንድ ስንዝር መሬት የሌለው ሕፃን ሙሉ ከተማ ተሰጥቶት «እንቢ» ማለት ስለሚችል ነው።

ልጁ በአያቱ ጉያ ሆኖ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ?»

«ባዶ ቤት አለው። ወተት ይሰጡታል። አይታይም።»

መልሱን እንዳወቅሁት ትረዳላችሁ። «አላወቅሁትም» አልሁ። በዚያ ሌሊት የዋሸሁት እኔ ነበርሁ።

«አገር ስጠኝ!»

«ደባርቅን ሰጠሁህ።»

«እንቢ!»

«አዲስ አበባን ሰጠሁህ።»

«እንቢ!»

«ፋሲል ግቢን ከነግንቡ፣ ከነበሩ ሰጠሁህ።»

ጥቂት አሰበ። «ፋሲል ግቢ ገብቼ አንበሳውን አገኘሁት» አለ። «አባባ ስለ ተቆጣ ነው የሄደው። ወተቱንም ፈርቶ ነው ያልጠጣው።»

ሁላችንም ዝም አልን። የሆነውን ነገር ያልሰሙት አያቱ ግን ቆሎውን እያሹ፣ «ታዲያ ይመለስ እንጂ ልጄ! ክረምት እየገባ የት ይወድቃል?» አሉ።

ልጁ አሁንም እኔን ያያል።

«ይመለስ፤ እኔም ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼዋለሁ» አልሁት። «ወተቱ ግን የእኅትህ ነው። ውሃ ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

ከመተኛታችን በፊት ኩራዙን ይዤ፣ እርሱ ኩባያ ሙሉ ውሃ ይዞ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባንና ከጆንያዎቹ ኋላ አስቀመጥን። ጠዋት ኩባያው ባዶ ነበር። ባለቤቴን አየኋት፤ እርሷም አየችኝ። ውሃውን ማን እንደ ጠጣው አልጠየቅሁም።