ያገለገለ ወይስ የታደሰ? የሌንስ ነገር በይፋት ቆላ

ጣርማ በር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በር ላይ በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለውን ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ቦታው ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ አለው፤ ጉም ሲወርድበት ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱ እንኳ በግድ ነው የሚታየው። ከዋሻው ማዶ ደብረ ሲና፣ ከደብረ ሲና በታች አርማንያ፣ ከዚያ ሸዋ ሮቢት። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ናት። በአንድ ቁልቁለት ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ይወረዳል ማለት ነው። ጣርማ በር ላይ ጋቢ ደርቦ የነበረ ተሳፋሪ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ቀርቶ መስኮት ይከፍታል።

ተወልጄ ያደግሁት ደጋ ነው፤ ሥራም ያዋለኝ አዲስ አበባ። ከዚህ ቁልቁለት ሥር ያለውን ይፋት በስም እንጂ በእግር አላውቀውም ነበር። የሽንኩርቱ ማሳ፣ የማሾው ክምር፣ በየመንገዱ ዳር የተደረደረው ማንጎ፣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው የአፋር ሙቀት ለእኔ ሁሉም አዲስ ነው።

ቁልቁለቱ ሰውን ብቻ አይደለም የሚፈትነው። ብርድ የጠጣ ሌንስ ድንገት ሞቃትና ርጥብ አየር ሲያገኘው መስታወቱ ያልበዋል። ላቡ ከውጭ ከሆነ ወዲያው ይደርቃል። ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ሌንሱም በጨለማ ቦርሳ ተዘግቶ ከከረመ ግን ሻጋታ ይይዘዋል። ሻጋታ በመስታወቱ ላይ የተቀባውን ስስ ሽፋን ይበላል፤ አንዴ ከበላው ደግሞ ጽዳት አይመልሰውም። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርድ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ከቦርሳው ሳያወጣ እስኪሞቅ ይታገሣል። ያገለገለ ሌንስ የሚገዛም ሰው ሌንሱ በየትኛው አገር፣ በምን ዓይነት ቤት እንደከረመ ቢጠይቅ ያተርፋል።

ሰንበቴ፣ እሑድ

በዚሁ ቆላ ያለው የሰንበቴ ገበያ እሑድ ይውላል። አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው ደግሞ እህሉን፣ ማሾውን፣ ከብቱን ይዞ ከየቀዬው ይወጣል። አመጣጤ ይህንን ገበያ ፎቶ ለማንሳት ነበርና ረጅሙን ጊዜ ያሳለፍኩት ከብት ተራ ውስጥ ነው።

አንድ ገበሬ ቀይ በሬ ሊገዛ ቆሟል። መጀመሪያ የበሬውን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን አየ። ቀጥሎ ሻኛውን ጨበጠ፤ ጎኑን በመዳፉ ተጫነ። ከዚያ ሻጩን «እስቲ አራምደው» አለው። በሬው ሲራመድ ገበሬው ከኋላ እግሮቹ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ሻጩ በሬው ጥሩ አራሽ መሆኑን በመሐላ ይናገራል፤ ገበሬው ሰምቶ ሰምቶ «ዋስህ ማነው?» አለ። ሻጩ ዘወር ብሎ ሁለቱም የሚያውቁትን ሰው ከገበያተኛው መሃል ጠራ። ብሩ የተቆጠረው ዋሱ መጥቶ ከጎናቸው ከቆመ በኋላ ነው።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዛም ያው ነው፤ በዓይንና በእጅ ይመረመራል፣ ከዚያ በቅርብ የሚገኝ ዋስ ይጠየቃል። በሰንበቴ ይህንን የማያውቅ ገበሬ የለም። የሌንስ ገዢው ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ትቶ በቴሌግራም በተላከለት ፎቶ ገንዘቡን ያስገባል።

ካራቆሬ

ካራቆሬ ከአጣዬ ቀጥላ ወደ ከሚሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት 300 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። እዚያ ያገኘሁት ወጣት በዋናው መንገድ ዳር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ መታወቂያ ላሚኔት ያደርጋል። እንጀራው ግን ሠርግ ነው። ካሜራው ካኖን 700ዲ ሲሆን ያለው ሌንስ ከባዲው ጋር አብሮ የመጣው 18–55 ብቻ ነው።

አንገቴ ላይ ያለውን ካሜራ አይቶ ወንበር ሳበልኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለኝ። «የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ነው፤ ሪፈርቢሽድ ልግዛልህ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ልጅ ያገለገለ አለኝ ብሎ ፎቶውን ልኮልኛል። የቱ ይሻለኛል?»

«የትኛውን ሌንስ ነው የፈለግከው?»

«ሃምሳውን፣ 50 ሚሊ ሜትሩን። ማታ ዳስ ውስጥ ይጨልምብኛል። ፍላሽ ስጠቀም የሙሽሪት ፊት ነጭ ይሆናል፤ እጇ ላይ ያለው ሂና እንኳ አይለይም።»

ክፍሏ ውስጥ ቡና ይጠጡ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ፊዚክስ ተምረው የተመለሱ፣ ለብዙ ዘመን ያስተማሩ ጡረተኛ ናቸው። የከተማው ሰው ሁሉ «ቲቸር» ነው የሚላቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና፦

«ያንተ ሌንስ 55 ላይ ሲደርስ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። ቁጥሩ ሲያንስ የብርሃን ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሃምሳው እስከ 1.8 ይከፈታል። 5.6ን ለ1.8 አካፍል፤ ያገኘኸውን በራሱ አባዛው» አሉት።

ወጣቱ በስልኩ አሰላ። 10 እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ሆነ። በዚያ ዳስ ውስጥ ባለችው አምፖል ብርሃን ሃምሳው ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ወጣቱ የተመኘው ቅንጦት አይደለም፤ የሥራው መሣሪያ ነው።

አዲሱን ለምን አይገዛም? ካኖን ይህንን ሌንስ በ2015 እ.ኤ.አ. ሲያወጣው ዋጋው 125 ዶላር ነበር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበርና ሂሳቡ 7 ሺህ ብር ይመጣ ነበር። ዶላር 130 ብር ሲገባ ያው 125 ዶላር ከ16 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። የሠርግ ዋጋ ግን በዚያ ልክ አልጨመረም። ስለዚህ የካራቆሬው ፎቶ አንሺ ምርጫው ባገለገለና በታደሰ፣ ማለትም ሪፈርቢሽድ በሚባለው፣ መካከል ነው።

የታደሰ ሲባል ምን እየገዛን ነው?

ካኖንና ኒኮንን የመሳሰሉ አምራቾች ደንበኛ የመለሰውን፣ ለማሳያ የዋለውን ወይም ተበላሽቶ የተጠገነውን ዕቃ በራሳቸው ቤት ፈትሸው፣ የጎደለውን ተክተው፣ የጊዜ ገደብ ያለው ዋስትና ሰጥተው ከአዲሱ ባነሰ ዋጋ ይሸጡታል። ያለጥርጥር ጥሩ ነገር ነው። ከማይታወቅ ሰው እጅ ከወጣ ሌንስ ይልቅ የሚከፈልበት ተጨማሪ ገንዘብም የፍተሻውና የዋስትናው ዋጋ ነው።

ነገር ግን ዋስትናው የሚሠራው ሌንሱ ተመልሶ ሲሄድ ነው። የካራቆሬው ልጅ ፎከሱ አልይዝ ቢለው መንገደኛ ፈልጎ፣ ሌንሱን በሰው ሻንጣ ወደ አሜሪካ ልኮ፣ የአክስቱ ልጅ ከሥራ ቀርቶ ወስዶት፣ ተጠግኖ ሲመለስ ደግሞ ሌላ መንገደኛ ጠብቆ ነው የሚያገኘው። እስከዚያ ድረስ የጥር ሠርግ ያልፋል። የማይደርስበትን ዋስትና በዶላር ገዛ ማለት ነው። በአንዳንድ የአዲስ አበባ ሱቆችም ውጭው ተወልውሎ ካርቶን የተገኘለት ዕቃ ሁሉ ሪፈርቢሽድ ተብሎ ሲሸጥ አይቻለሁ። ማን እንዳደሰው የሚናገር ሰነድ ከሌለው ያገለገለ ዕቃ ነው፤ ባገለገለ ዕቃ ዋጋ ይገዛ።

እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀላል፣ መስታወቱ ጥቂት፣ የምስል ማረጋጊያ የሌለው እንደ ሃምሳው ያለ ሌንስ ጉድለቱ በዓይንና በአንድ ሰዓት ሙከራ ይወጣል፤ ያገለገለውን በእጅ መርምሮ መግዛት ይሻላል። እንደ 70–200 ያለ፣ በውስጡ ማረጋጊያና ብዙ ተንቀሳቃሽ መስታወት ያለው ሌንስ ግን ችግሩ ከላይ አይታይም፤ ዛሬ ሠርቶ በሳምንቱ ሊቆም ይችላል። እዚያ ላይ የፋብሪካው ፍተሻ ገንዘቡን ያወጣል። ያኔም ቢሆን ዋስትናውን መጠቀም ሌንሱ ባሕር ሳይሻገር ነው። ዘመድ እንደተረከበው ካሜራ ካለው ሰው ዘንድ ወስዶ ይሞክረው፤ ፎቶዎቹን ይላክ፤ ጉድለት ከተገኘ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ እዚያው ይመልሰው።

የቲቸር ሄሊዮስ

ቲቸር ቤታቸው ሄደው በቆዳ ማኅደር የተቀመጠ ዜኒት ካሜራ ይዘው መጡ። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 2 የሚከፈት። በሶቪየት ሌንሶች ላይ ብዙ ጊዜ የመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ ሁለት አኃዞች የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። የእሳቸው በ79 ይጀምራል፤ በ1979 እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው።

ለወጣቱ አመራመሩን ያሳየሁት በዚህ ሌንስ ነው። መጋረጃውን ዘጋን። የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከኋላ በኩል አስገባና ከፊት አየ። በአንደኛው ጠርዝ ላይ ከጥግ ተነስታ ወደ መሃል የምትዘረጋ ቀጭን የሸረሪት ድር የመሰለች መስመር ታየች። «ሻጋታ ማለት ይቺ ናት» አልኩት። ከጎኗ ብናኝ አለ። ብናኝ በፎቶ ላይ አይወጣም፤ ብዙም አያስጨንቅም። ከዚያ የአፐርቸሩን፣ ማለትም የብርሃን ቀዳዳውን፣ ቀለበት አዞርነው። ስምንቱ ቅጠሎች እየተዘጉ ሲመጡ ሁለቱ ላይ የዘይት ወዝ አብረቀረቀ። ሙቀት ውስጡ ያለውን ቅባት አቅልጦ ቅጠሎቹ ላይ ያፈሰዋል፤ ሌንስን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ መተው ይህንን ያመጣል። እንደ ሃምሳው ባለ አፐርቸሩን ካሜራው በሚያዘው ሌንስ ላይ ዘይቱ ቅጠሎቹን ያዘገያቸዋል፤ ፎቶው አንዴ በርቶ አንዴ ጠቁሮ ይወጣል።

ቀሪውን በራሱ ሌንስ ላይ ተለማመደ። የብሎኖቹ ራስ ተፍቆ እንደሆነ አየ፤ የተፋቀ ብሎን ሌንሱ አንድ ጊዜ መከፈቱን ይናገራል። የፊተኛውንና የኋለኛውን መስታወት በብርሃን አገላበጠ፤ ከፊት ያለ ጭረት ብዙም አይጎዳም፣ ከኋላ ያለው ግን ፎቶው ላይ ይወጣል። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጠፈና ካሜራውን በትራይፖድ ፊት ለፊት አቁሞ ሌንሱን እስከ መጨረሻው ከፍቶ አነሳ። አራቱ ማዕዘኖች እኩል ከተነበቡ መልካም፤ አንዱ ብቻ ከደበዘዘ ሌንሱ ወድቆ መስታወቱ ከቦታው ተናግቷል። በመጨረሻ ከቅርብ ወደ ሩቅ እያፈራረቀ ፎከስ አስያዘ፤ ሞተሩ የማይቆራረጥ ድምፅ ማሰማት አለበት።

ቲቸር ይህ ሁሉ ሲሆን ዝም ብለው ቆይተው ሌላ ነገር አነሱ። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ላይ ካራቆሬ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ የሰባት ስምንት ዓመት ልጅ ነበሩ። ማጀቴ ፈረሰች፤ ከካራቆሬ ቤቶች ግማሽ ያህሉ ወደቁ፤ ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ 17 ኪሎ ሜትር ያህል በናዳና በስንጥቅ ተበላሸ። የአዲስ አበባውን የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙት ፒየር ጉዋን በ1979 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ዘርዝረው ጽፈውታል። «ከወደቀው ቤታችን አንድ ፎቶ የለኝም» አሉ ቲቸር። «አባቴም እናቴም መልካቸው ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።» በ2013 ዓ.ም. አጣዬና ካራቆሬ ላይ የደረሰው ቃጠሎ፣ በ2014 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ያለፈው ጦርነት ለብዙ ቤተሰብ አልበሙንም ይዞ ሄዷል። እንዲህ ያለች ከተማ ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ልጅ የያዘው ሌንስ የእሱ የግል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሠርጉ ማታ ፎቶ ደብዝዞ ቢወጣ ሙሽራው ያንን ማታ ደግሞ አያገኘውም።

ውሳኔው

ወጣቱ የደረሰበት ውሳኔ እኔም የምቀበለው ነው። ሃምሳውን ያገለገለ ይገዛል፤ ግን በቴሌግራም አይደለም። የራሱን ባዲ ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ሻጩ ፊት ይሞክራል፤ የሌንሱን መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር ያመሳክራል። የአክስቱን ልጅ ደግሞ ወደፊት ለሚገዛው ረጅም ሌንስ ያቆየዋል።

አንድ ነገር ጨመርኩለት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን፣ ገዢም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ እንዳለበት ይደነግጋል። ስለዚህ ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት አጭር ወረቀት ይጻፍ፦ የሌንሱ ስምና መለያ ቁጥር፣ ዋጋው፣ እስከ ስንት ቀን ድረስ ጉድለት ቢገኝ ሻጩ ገንዘቡን እንደሚመልስ፣ የሁለቱ ፊርማና የምስክሮች ስም። ለዚህ ፈቃደኛ የሆነ ሻጭ ዋስትናው ከካራቆሬ አንድ ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ከማንኛውም የውጭ አገር የዋስትና ካርድ ይልቅ ለዚህ ልጅ ይቀርበዋል። እምቢ ያለ ሻጭ ከሆነ ግን ሌንሱ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፈው፤ ሌላ ሃምሳ አይጠፋም።